ዘጠኝ ዓመታቸው

ፈንታው ይርጋ የሰው በደል ሲጽፍ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። ወልድያ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጥግ፣ አንድ እግሯ ያጠረ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ አሉት፤ ክረምት ሲሆን ከላዩ ሸራ ይወጥራል። ሰው መጥቶ ይቀመጥና መሬቴን ተነጠቅሁ ይላል፤ ሚስቴ ወጥታ ቀረች ይላል፤ ወንድሜ ካደኝ ይላል። ፈንታው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጥና "እኔ አመልካች ከላይ በተጠቀሰው ዕለትና ቦታ" ብሎ ይጀምራል። ሰውየው አንድ ሰዓት ሙሉ ያለቀሰው ለቅሶ ወረቀት ላይ ሲወጣ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ቤቱ ሲገባ የቀኝ እጁ አንጓ አብጦ ይገኛል፤ ሚስቱ ሙሉወርቅ ጨርቅ በሞቀ ውሃ ነክራ ትጠቀልልለታለች። ከእጁ ይልቅ የዛለው ጆሮው መሆኑን ግን ለሷም ነግሯት አያውቅም።

በ1962 ዓ.ም. አርባ አንድ ዓመት ሞላው። እስከዚያ ከእጁ በወጣው ወረቀት ሁሉ ግርጌ የተፈረመው የሌላ ሰው ስም ነው። አንድ ነገር ብቻ በራሱ ስም ታትሞ ማየት ፈለገ። መጽሐፍ አላለም። አንድ አጭር ልቦለድ፣ ከላዩ "ከፈንታው ይርጋ" የሚል፣ ሰው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሚያነበው። ይህን መመኘት ትዕቢት ከሆነም ይሁን፤ ምኞቱ ራሱ አድካሚ ነበር፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ ሲጽፍ ለዋለ ሰው ደግሞ ልጻፍ ማለት ቀኑን ሙሉ ሲያርስ ውሎ ማታ ለደስታዬ ልረስ እንደ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ጻፈ። በተበላሹ ማመልከቻዎች ጀርባ ላይ የጻፈው የአባቱን ታሪክ ነው። አባቱ አቶ ይርጋ ከሰገሌ ጦርነት ማግስት በነበረው ክረምት፣ ገና የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ታናሽ ወንድማቸውን ሞላን ይዘው ከውርጌሳ በታች ያለውን ወንዝ ሲሻገሩ ደጋ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣባቸው። ሞላ ከእጃቸው አመለጠ። እሳቸው ተረፉ። ቤተሰቡ ነገሩን የሚያውቀው በነዚሁ ቃላት ነው፤ አንድ ቃል ጨምሮ የተናገረም ቀንሶ የተናገረም የለም። ፈንታው "ፈንታው" የተባለውም በሞላ ፈንታ ነው። ሰው ስሙን ሲጠራው፣ አንዳንዴ፣ የሌላ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ያህል ይሰማው ነበር።

ታሪኩን አዲስ አበባ ላለ አንድ መጽሔት ላከው። ሰኔ ላይ መልስ መጣ። አዘጋጁ አቶ ሞገስ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ አጭር ደብዳቤ ነው የጻፉት። "ታሪክዎ ጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ግን ማመልከቻ ናቸው፤ ያውጧቸው። ሰውየው ደግሞ ጋቢያቸውን እንደ ደረቡ ነው ወንዙን የሚሻገሩት፤ ውሃ አልነካቸውም። አስተካክለው በነሐሴ መጀመሪያ ከላኩልን በአዲስ ዓመት እትማችን እናወጣዋለን።"

ፈንታው ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አገላብጦ ጋቢ የሚል ቃል ፈለገ። አንድም ቦታ የለም። አዘጋጁ የሌላ ሰው ጽሑፍ ከሱ ጋር አምታተውበት ይሆን ብሎ ተናደደ፤ ሲናደድ ዋለና ደብዳቤውን ይዞ ወደ ሀብቴ ሄደ።

ሀብቴ የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበር። ስለዚህ ወልድያ ውስጥ የመጽሐፍ ነገር ከተነሣ ከሱ በላይ አዋቂ የለም፤ ቢኖርም ሀብቴ አያስወራውም። ሻይ ቤት ተቀምጠው ሁለት ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ አነበበና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።

"አዘጋጁ እውነታቸውን ነው" አለ። "ይህን 'ነገሩ የተፈጸመበት ሁኔታ' የምትለውን ጣለው። ማን ከሰሰህ? ከወንዙ ጀምር። እዚህ ጋ ደግሞ እናትየው አለቀሱ፣ ጎረቤቶቹ አለቀሱ፣ ቄሱ አለቀሱ። ሁሉን ሰው ካስለቀስከው አንባቢው ምን ሊሠራ ነው? አንዷን አስቀርና ሌሎቹን አሰናብት።"

"ጋቢውስ?"

"ስንት ዓመቱ ነው ልጁ?"

"አሥራ ሰባት።"

"ታዲያ እሳቸው፣ እሳቸው፣ እሳቸው! 'ታደሰ ተንደርድረው ዘለሉ።' የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ተንደርድረው ዘለሉ ይባላል? ይኸውልህ ጋቢው።"

ፈንታው የአባቱን ስም ታደሰ ብሎ ሲቀይር ሁሉን የጨረሰ መስሎት ነበር። "አባቴ ናቸው እኮ" አለ።

"አባትህ የሆኑት ኋላ ነው። ያኔ የማንም አባት አልነበሩም። እሱ በለው፣ ይርጠብ።" ሀብቴ ወረቀቱን መለሰለት። "ስትጨርስ ደግሞ ለሰው ጮክ ብለህ አንብበው። ለሚስትህ እንዳታነብ፤ እሷ ትወድሃለች።"

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ፈንታው በር ዘግቶ ተቀመጠ። "ሮጡ" የሚለውን ሰርዞ "ሮጠ" ብሎ ጻፈ። አንዲት ፊደል ናት፤ እጁ ግን አባቱን በጥፊ የመታ ያህል ከበደው። ይህን የምንተርከው እኛም አቶ ይርጋን እሱ ለማለት አፋችን አይታዘዝልንም፤ ስለዚህ በፈንታው አንፈርድም። "ወጡ" ወጣ ሆነ፣ "ወረዱ" ወረደ ሆነ። "ታደሰ ፈራ" የሚለው ላይ ሲደርስ ብዕሩን አስቀመጠና በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሙሉወርቅ ገብታ "ምን ሰርቀህ ነው እንዲህ የምትገላመጠው?" አለችው። ብዕሩን መልሶ አነሣ። ታደሰ ፈርቶ ነበር፤ ይህን ፈንታው በዚያች ደቂቃ አወቀው። በአርባ አንድ ዓመት ዕድሜው አባቱ ፈርተው ያውቃሉ ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ታሪኩ አለቀ፤ ጥሩም ሆነ። ፈንታው ጥሩ መሆኑን አውቆታል፤ ጭንቁም ይኸው ነው። አባቱን ሳያስፈቅድ መላክ አይችልም። ለማስፈቀድ ማንበብ አለበት፤ ማንበብ ማለት ደግሞ ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ እሱ ማለት ነው። ከተቆጡና አይሆንም ካሉ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

የሐምሌ የመጨረሻ ቅዳሜ ወደ መርሳ ወረደ። አውቶቡሱ ሲሪንቃ ላይ ጎማ ፈነዳበትና ተሳፋሪው ሁሉ ጭቃ ላይ ቆሞ ሲነጫነጭ አረፈደ። ፈንታው ወረቀቱን በሸሚዙ ውስጥ ደብቆ የመንገዱን ጠርዝ ይዞ ቆመ፤ አውቶቡሱ ባይጠገንና ቢመለስ ደስ ባለው ነበር። ተጠገነ።

አቶ ይርጋ የሚኖሩት መርሳ ከፈንታው እህት ከደብሪቱ ጋር ነው። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው አራት ዓመት ሆኖታል፤ ብርሃን ይለያሉ እንጂ መልክ አይለዩም። ፈንታው ሲደርስ ደብሪቱ ገበያ ወጥታ ሽማግሌው ብቻቸውን በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። በአካሄዱ ለዩት። ጉልበታቸውን ስሞ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ስለ ዝናቡ ጠየቁት፣ ስለ ሙሉወርቅ ጠየቁት፣ ስለ እጁ ጠየቁት። ወሬው ሲያልቅ ወረቀቱን አወጣ።

"አባዬ፣ አንድ የጻፍኩት ነገር ነበረኝ፤ ላንብብልዎ።"

"የማን ክስ ነው?"

"ክስ አይደለም። ልቦለድ ነው።" ጉሮሮውን ጠረገ። "የወንዙ ታሪክ ነው። የርስዎ።"

አቶ ይርጋ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። "አንብበው" አሉ።

ፈንታው አፉን ከፈተ፤ ወረቀቱ ላይ "ወጣ" ይላል፣ እሱ ግን "ወጡ" ሲል ራሱን ሰማው። አንዴ ከጀመረ ወዲያ መመለስ አቃተው። እያነበበ፣ እየቀየረ፣ እያላበው ቀጠለ። "ታደሰ ማለዳ ከቤት ወጡ። የወንድማቸውን እጅ ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ውሃው እንደ ወትሮው ከጉልበት በታች ነበር። ታደሰ ሱሪውን ሰበሰበና ገቡ። መሀል ሲደርሱ ጉምጉምታ ሰማ። ዘወር አሉ..."

"ቆይ" አሉ አባቱ። "ስንት ሰው ነው የሚሻገረው?"

"ሁለት ነው፤ ታደሰና ወንድሙ።"

"ታዲያ አንዴ ሰማ ትላለህ፣ አንዴ ዘወር አሉ ትላለህ። ይኸ ታደሰ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?"

ፈንታው ፊቱ ጋለ። ሽማግሌው አለማየታቸውን አመሰገነ። "ወረቀቱ ላይ እሱ ነው የሚለው፣ አባዬ። ደፍሬ ነው። እንዲያ ካልሆነ ታሪኩ አይነሣም ብለውኝ ነው፤ ለርስዎ ሳነብ ግን አፌ እምቢ አለኝ።"

የሚቆጡ መስሎት ጠበቀ። አቶ ይርጋ ሳቁ፤ አጭር የደከመ ሳቅ ነው። "አንተ ልጅ! አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ። ጢም እንኳ አላበቀልኩም። ማን አንቱ ብሎኝ ያውቃል ያኔ? በል እንደ ጻፍከው አንብበው።"

ፈንታው ከመጀመሪያው ጀመረ። አሁን ታደሰ ወጣ፣ ወረደ፣ ሱሪውን ሰበሰበ፣ ፈራ። ሽማግሌው ራሳቸውን ወደ ግድግዳው አስደግፈው ይሰማሉ። "ታደሰ በቀኝ እጁ የሾላውን ሥር ጨበጠ። በግራው ወንድሙን ይዟል። ውሃው ደረቱ ላይ ደረሰ። ተጣራ፤ የሚሰማው አልነበረም። ክንዱ ዛለ። የወንድሙ እጅ አመለጠው።"

"ድገማት" አሉ።

"የወንድሙ እጅ አመለጠው።"

በመንገዱ ላይ አንድ የጭነት መኪና እያጓራ አለፈ፣ ጭቃው ሲረጭ ተሰማ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። "አመለጠው ያልካት ቃል አትሆንም" አሉ አቶ ይርጋ።

ፈንታው ከአዘጋጁና ከሀብቴ ቀጥሎ ሦስተኛ አራሚ የመጣበት መሰለውና ታከተው። "ምን ልበል ታዲያ? ሾለከ ልበል?"

"ለቀቀው በል።"

ፈንታው ያልሰማ መስሎ ወረቀቱን አገላበጠ። ሰምቷል።

"እጁን አልነበረም የያዘው፤ አንጓውን ነው። የልጅ አንጓ ከጎረምሳ መዳፍ አይሾልክም።" የሽማግሌው ድምፅ ከፍም ዝቅም አላለም። "ክንዱ ዝሎ ነበር፤ እሱስ እውነት ነው። ግን ገና ነበር። ትንሽ ቢቆይ ይችል ነበር። የሾላው ሥር ቋ ሲል ሰማና ሁለታችንም መሄዳችን ነው ብሎ አሰበ። አሰበ እልሃለሁ፣ ደንግጦ አይደለም። አስቦ ጣቶቹን ፈታ። ልጁ አልጮኸም። ያየው ነበር።"

አባቱ ስለ ራሳቸው "እሱ" እያሉ መናገራቸውን ፈንታው ልብ ያለው ቆይቶ ነው።

"ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ቃል ሲመርጥ ሄደ። 'ወሰደብኝ' ልበላት አለ፣ በወንዙ ካሳበበ ይጠይቁታል። 'ጠፋብኝ' ልበላት አለ፣ ፍለጋ ይወጣሉ። መጨረሻ 'አመለጠኝ' አላት እናቱን። ጥሩ ቃል ናት። ታሳዝናለች፣ አታስጠይቅም። ሁሉም አመነ። ሃምሳ ሦስት ዓመት አገለገለችኝ።" ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። "በዚህ ቤት ልቦለድ የጀመርከው አንተ አይደለህም፣ ፈንታው።"

"ለነፍስ አባትዎስ?"

"ለሳቸውም አመለጠኝ ነው ያልኩ።"

"ታዲያ ዛሬ ምን ተገኘ፣ አባዬ?" ይህን ሲል ፈንታው እንደ ልጅ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር።

"እሳቸው ስትል እኮ እኒህ ሽማግሌ ናቸው። እኒህን ሽማግሌ ሰው ሁሉ አዝኖላቸዋል፣ እኔም ለምጃቸዋለሁ። እሱ ስትል ግን ያ ልጅ መጣ። ያን ልጅ ከዚያ ወዲህ የጠራው ሰው አልነበረም።"

ፈንታው ወረቀቱን አጠፈ። ቀኑን ሙሉ የሰው በደል ሲሰማ የኖረ ጆሮው ይህን አንዱን ባልሰማ ብሎ ተመኘ። "ይቅር፤ አልልከውም። እቀደዋለሁ።"

"አትቀድም!" አሉ አቶ ይርጋ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። "ስሜን ቀይረሃል፤ ደግ አደረግህ። ለልጅ ልጆቼ ንገር አላልኩህም። ግን አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ። ደክሞኛል፣ ልጄ። ያችን ቃል መሸከም ደክሞኛል።"

"እሺ።"

"የሱን ስም ግን አትቀይር። ሞላ በለው።"

"እሺ፣ አባዬ።"

"አንቱ በለው ደግሞ።"

"ማንን?"

"ሞላን።"

ፈንታው የአባቱ አእምሮ የደከመ መሰለው። "ልጅ እኮ ነው፣ አባዬ። ዘጠኝ ዓመቱ ነው።"

"ቢኖር ዘንድሮ ስልሳ ሁለት ይሆነው ነበር። ያን በር ከፍቶ ቢገባ ከመቀመጫህ ተነሥተህ 'ይቀመጡ' ትለው ነበር፣ አጎትህ አይደል? ያገባ ነበር፣ ይወልድ ነበር፣ ይሸብት ነበር። ሰው ሁሉ አንቱ ይለው ነበር። እኔ የወሰድኩበት ይህን ነው፤ መልስለት።"

ደብሪቱ ከገበያ መጥታ ሁለቱንም ዝም ብለው አገኘቻቸውና ተጣልተው እንደሆነ ጠየቀች፤ ፈንታው አይደለም ብሎ በመጨረሻው አውቶቡስ ወጣ።

በማግስቱ ወልድያ ውስጥ ሲጽፈው፣ የሞላን አንቱታ ያህል እጁን ያስቸገረው ነገር አልነበረም። ታላቁ እሱ ነው፣ ታናሹ እሳቸው። "ሞላ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። ውሃው ሲመጣ የወንድማቸው ክንድ ላይ ተጠመጠሙ። ወንድማቸው ለቀቃቸው። አልጮኹም።" ሦስት ጊዜ ጻፈው። በሦስተኛው ጊዜ ሲያነበው፣ የሚያስቅ መስሎ የጀመረው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ላይ አላሳቀውም።

ሀብቴ በታይፕ ሲመታለት "ለቀቃቸው" የምትለው ላይ ቀና ብሎ አየው።

"ልቦለድ ነው" አለው ፈንታው።

ሀብቴ ስለዚያ ሌላ አልጠየቀም። "ይህስ?" አለ ግን። "ዘጠኝ ዓመታቸው? እኔ ከትልቁ ላይ ጋቢውን ግፈፍ ስልህ ለሕፃኑ አለበስከው?"

"እንዳለ ምታው። የአባቴ ፈቃድ ነው።"

"አንባቢ ይስቃል።"

"ይሳቅ። መጨረሻው ድረስ ያንብብ ብቻ።"

ሀብቴ እየተነጫነጨ መታው፤ በነሐሴ ሁለት ተላከ።

መልሱ በነሐሴ አጋማሽ መጣ። አዘጋጁ ተደስተዋል። "ብዙ ጽሑፍ አይቻለሁ" ይላሉ፣ "እንዲህ ያለ ግን በዓመት አንድ አያጋጥመኝም። በአዲስ ዓመት እትማችን በፊተኛው ገጽ፣ በስምዎ ይወጣል። የሕፃኑ አንቱታ ግን ታይፒስቱ ያሳሳተው ስለሚመስለኝ በየቦታው አርሜዋለሁ። መጽሔታችን እንዲህ ያለ የሰዋስው ስሕተት አያወጣም። የማይስማሙ ከሆነ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያሳውቁኝ፣ ጽሑፉን እመልስልዎታለሁ። ካልሰማሁ እንደ ተስማሙ ቆጥሬ ወደ ማተሚያ ቤት እልከዋለሁ።"

"ታይፒስቱ ያሳሳተው!" አለ ሀብቴ፣ ደረቱን ይዞ። ንዴቱ ሲበርድለት ወንበሩን ጠጋ አደረገ። "ስማ። ዝም በል። ሰው ስሙን ለማሳተም ስንት ደጅ ይጠናል፣ አንተ የሚጠበቅብህ ዝም ማለት ብቻ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ይችላል። አባትህ እንደሆነ አያዩም፤ ስታነብላቸው ሞላን እሳቸው እያልክ ታነብላቸዋለህ። ማን ይነግራቸዋል?"

ፈንታው አራት ቀን ዝም አለ። ዝምታው ቀላል ነበር፤ ለደከመ ሰው ምንም አለማድረግን የመሰለ ነገር የለም። የመጽሔቱ ፊተኛ ገጽ በዓይኑ ይመጣበታል፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ሰው ዘርግቶ ሲያነብ፣ "ይኸ እኮ ፍርድ ቤቱ ጋ የሚጽፈው ሰውዬ ነው" ሲባል። ለአባቱ ሲያነብላቸው ምን እንደሚልም ተለማመደ። ችግር የለውም፤ ይችላል። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አንዲት ሴት ፊቱ ተቀምጣ ስትናገር ጆሮው ከሷ ጋር አልነበረም፤ ለአባቱ የሚነግራቸውን ቃላት እየመረጠ ነበር። አንዱን ያነሣል፣ ያስጠይቃል ብሎ ይጥላል፣ ሌላውን ያነሣል። ሲመርጥ ራሱን አገኘውና ሰውነቱ በረደው። አባቱ ከወንዙ ሲመለሱ የሄዱት መንገድ ይኸው ነው።

"እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ" ብሎ ተነሣ።

ቴሌግራም ቤት ፀሐይ የምትባል ልጅ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች። ወረቀት ሰጠችው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲጽፍ እንዲህ ያጠረ አቤቱታ ጽፎ አያውቅም፦ "ስሕተት አይደለም። እንዳለ ካልወጣ ይመለስልኝ። ፈንታው ይርጋ።" ልጅቷ አነበበችና "ይኸው ነው?" አለችው። ይኸው ነው አላት። ማኅተሙ ሲመታ ልቡ አብሮ ተመታ። እንደሚመልሱለት ያውቃል። ሌላ ታሪክ የለውም፤ ያለው አንድ ይህ ነበር። ስሙ አይታተምም፣ ነገም እዚያችው አጥር ጥግ ተቀምጦ "እኔ አመልካች" እያለ ይውላል። አዘነ፣ በጣም አዘነ፤ ያላዘነ ለመምሰል አልሞከረም።

ሲወጣ ካፊያ ጀምሯል። ሴትየዋ በርጩማው ላይ እየጠበቀችው ስለሆነ ፈጠን ብሎ መራመድ ነበረበት፤ እሱ ግን ቀስ እያለ ሄደ። ዕድሜውን በሙሉ በፈንታው የተቀመጠበትን ሰው አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብሎት አያውቅም። አያ ሞላ፣ አለ በልቡ። ስሙ ከነአክብሮቱ አፉን ሞላው። ከዚያም ሳያስበው ድምፁ ወጣ።

"እንደምን አደሩ?"

ከፊቱ በቀስታ ይሄዱ የነበሩ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ዞር አሉ። ማን እንደሆነ ለመለየት ዓይናቸውን አጥበው አዩት፤ አላወቁትም።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ" አሉት። "አንተስ እንደምን አደርህ?"